186/108፦ የፕሬዝዳንት ሩዝቬልት የደም ግፊት ጉዳይ

ስለ ደም ግፊት የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ በሽተኛ በጥቅሉ ነው። እዚህ ግን አንድ ሰው ይዘን እንሄዳለን። ሰውየው የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። እሳቸውን የመረጥኩት በዝናቸው ብቻ አይደለም። ግፊታቸው ለአሥር ዓመት ያህል ተለክቶ ተጽፏል። በእነዚያ ዓመታት ግን ግፊቱን በደንብ የሚያወርድ ክኒን አልወሰዱም፤ ክኒኑ ገና አልተሠራም ነበር። ስለዚህ ሕመሙ ማንም ሳያስቆመው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሲጓዝ እናያለን። ዛሬ እንዲህ ያለ መዝገብ ማግኘት ይከብዳል፤ መክበዱም ደግ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1935 ሩዝቬልት 53 ዓመታቸው ነው። ግፊታቸው ሲለካ 136/78 ሆነ። የላይኛው ቁጥር ልብ ደም ሲረጭ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ጫና ነው። የታችኛው ደግሞ ልብ በሁለት ምት መካከል ዘና ሲል የሚቀረው ጫና ነው። 136/78 ያን ጊዜ ማንንም አያስደነግጥም። ዛሬም ቢሆን ሐኪም "ከፍ ከፍ ማለት ጀምሯል፣ እንከታተለው" ይላል እንጂ አይደናገጥም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ቁጥሩ 162/98 ሆነ። በ1940 መጨረሻ 178/88። በፌብሩዋሪ 1941 ደግሞ 188/105።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዛሬ በብዙ አገር ግፊት "ከፍተኛ" የሚባለው በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። አሜሪካኖች በ2017 መስመሩን ወደ 130/80 አውርደውታል። በየትኛውም መስመር ብንለካቸው ሩዝቬልት ቢያንስ ከ1937 ጀምሮ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። ግን ምን ይሰማቸው ነበር? ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። በ1940 ተወዳድረው ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ። አገሪቱን ወደ ጦርነት ይዘው ገቡ። "ምንም አይሰማኝም፣ ደህና ነኝ" የሚለው የግፊት ታካሚ ቋንቋ በእሳቸውም ላይ ይሠራል።

የቁጥሩን ክብደት የምናውቀው ከብዙ ዓመት በኋላ በተሰበሰበ መረጃ ነው። ከ40 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ግፊት ከ115/75 ጀምሮ የላይኛው በ20፣ የታችኛው በ10 በጨመረ ቁጥር በስትሮክ ወይም በልብ በሽታ የመሞት ዕድል እጥፍ ይሆናል። የሩዝቬልት የላይኛው ቁጥር ከ1935 እስከ 1941 በ52 ጨምሯል። በዚህ ስሌት አደጋው ከአራት እጥፍ አልፏል። እሳቸው ግን ያው ናቸው፤ ይስቃሉ፣ ሲጋራቸውን ያጨሳሉ፣ ይሠራሉ።

ታዲያ ሐኪሞቹ የት ነበሩ?

የፕሬዝዳንቱ የግል ሐኪም አድሚራል ሮስ ማክንታየር ነበሩ። ሙያቸው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ነው። ሩዝቬልት በሳይነስ ይቸገሩ ስለነበር ምርጫው ያን ያህል አይገርምም። በኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ብዙ ጥፋት በማክንታየር ላይ ጭነዋል። ከፊሉ ይገባቸዋል፤ ለጋዜጠኞች የተናገሩት ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም። 188/105ን ችላ በማለታቸው ግን ብቻቸውን አልነበሩም። የዘመኑ ሕክምና ራሱ ለቁጥሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር።

በ1931 የሊቨርፑሉ የሕክምና ፕሮፌሰር ጆን ሄይ አንድ አባባል እውነትነት እንዳለው ጽፈው ነበር። የአባባሉ መንፈስ ይህ ነው፦ ግፊት ላለበት ሰው ትልቁ አደጋ ግፊቱ መታወቁ ነው፤ ምክንያቱም ከታወቀ አንድ ሞኝ ተነስቶ ሊያወርደው ይሞክራል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የልብ ሕክምና አባት የሚባሉት ፖል ደድሊ ዋይት ከፍ ያለ ግፊት ሰውነት ችግሩን የሚቋቋምበት መንገድ ሊሆን እንደሚችል፣ ባይነካ እንደሚሻል ጽፈዋል። እምነቱ እንዲህ ነበር፦ ሰው ሲያረጅ ደም ሥሩ ይጠነክራል፤ በጠነከረው ቱቦ ደም ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት እንዲደርስ ግፊት መጨመር አለበት። ሲሰሙት ያሳምናል። ስህተት ነበር እንጂ።

የሚደንቀው መለኪያው ቀድሞ መኖሩ ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 አስተዋወቁ። በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን እየሰሙ ሁለቱንም ቁጥር ማንበብን ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በ1905 አሳዩ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሐኪሞች መለካት ይችሉ ነበር፤ ማውረድ ግን አይችሉም። ማውረድ የማይችሉትን ነገር "ባይወርድ ይሻላል" ብሎ ማመን ደግሞ የሰው ልጅ ባሕርይ ይመስለኛል።

ማርች 1944

ሩዝቬልት በ1943 መጨረሻ ከቴህራኑ ጉባኤ ከተመለሱ በኋላ ጉንፋን ያዛቸው። ጉንፋኑ አለፈ፤ ሳሉና ድካሙ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ አላገገሙም። ነገሩ አላምር ያላት ልጃቸው አና ነበረች። ወትውታ አባቷ በማርች 1944 መጨረሻ ቤተስዳ በሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል እንዲመረመሩ አደረገች።

የመረመሯቸው ሌተናንት ኮማንደር ሃዋርድ ብሩን የሚባሉ ወጣት የልብ ሐኪም ናቸው። ብሩን ያዩትን ከብዙ ዓመት በኋላ ራሳቸው ጽፈውታል። ፕሬዝዳንቱ ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ መመርመሪያው አልጋ ሲዘዋወሩ ብቻ ትንፋሽ አጠራቸው። ከንፈራቸውና የጥፍራቸው ሥር ሰማያዊ ቢጤ ሆኗል። የልብ ምታቸው በደቂቃ 72 ነው፤ ይህ ደህና ነው። ግፊታቸው 186/108። ሐኪሙ የልቡን ጫፍ ምት በእጃቸው ሲፈልጉ ከቦታው ወደ ግራ ርቆ አገኙት። ልቡ ሰፍቷል ማለት ነው። በማዳመጫ ሲያደምጡ ከልቡ ያልተለመደ ድምፅ፣ ከሳንባው ግርጌ ደግሞ ውሃ ያለበትን ሳንባ የሚያሳብቅ የመንጫጫት ድምፅ ሰሙ። ኤክስሬዩም የሰፋ ልብና ደም የተጨናነቀበት ሳንባ አሳየ።

ምርመራው ለብሩን ግልጽ ነበር። የቆየ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ግፊቱ ያመጣው የልብ በሽታ፣ የግራው የልብ ክፍል መድከም፣ በላዩ ላይ ብሮንካይትስ (የመተንፈሻ ቱቦ ብግነት)።

ይህ ቅደም ተከተል የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ላብራራው። ግፊት ሲጨምር የግራው የልብ ክፍል ደሙን ከበፊቱ በበለጠ ኃይል መግፋት አለበት። ሸክም የበዛበት የወዛደር ክንድ እንደሚፈረጥም ሁሉ የልብ ጡንቻም ይወፍራል። ለጥቂት ዓመታት ሥራውን ይወጣዋል። የወፈረው ጡንቻ ግን እየደረቀ ይሄዳል፤ እንደ ልቡ አይለጠጥም፣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ውሎ አድሮ ይደክማል፣ ይሰፋል። ወደፊት መሄድ ያቃተው ደም ወደ ኋላ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ያኔ ሰው ያስላል፤ ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለወራት "የጉንፋን ሳል" የተባለው ነገር በከፊል ከልብ የመጣ ነበር።

ብሩን ያዘዙት ይህን ነው፦ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የአልጋ እረፍት፣ ዲጂታሊስ የሚባል የልብ መድኃኒት፣ ጨው የተቀነሰበት ቀላል ምግብ፣ ለሳሉ ኮዴይን፣ ማረጋጊያ፣ ቀስ በቀስ ክብደት መቀነስ። ማክንታየር መጀመሪያ አልተቀበሉትም። ጦርነት ላይ ያለ አገር ፕሬዝዳንት አልጋ ላይ ሊውል አይችልም አሉ። ከሌሎች አማካሪ ሐኪሞች ጋር ክርክር ከተደረገ በኋላ ዲጂታሊሱ ተፈቀደ። በሁለት ሳምንት ገደማ ሳንባው ጠራ፣ ሳሉ ጠፋ፣ ልቡም በኤክስሬይ ሲታይ ቀንሶ ተገኘ። ለብሩን ትልቅ ድል ነበር።

ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ዲጂታሊስ ለደከመ ልብ ጉልበት ይሰጣል እንጂ የደም ሥርን አያላላም። ፌኖባርቢታልም ተሰጣቸው፤ እሱ የሚያረጋጋ፣ የሚያስተኛ መድኃኒት ነው። "ሰውየው ከተረጋጋ ግፊቱም ይረጋጋል" የሚል ተስፋ ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሲጋራና ኮክቴል ተቀነሰ። ሩዝቬልት አንድ ወር ያህል ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በወዳጃቸው ርስት አረፉ። ክብደታቸው ስለቀነሰ ፊታቸው ከሳ፤ ያዩአቸው ሰዎች ደነገጡ።

በብሩን ማስታወሻ ውስጥ ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ብሩን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፕሬዝዳንቱ ብዙም አልራቁም። በየቀኑ ለማለት ይቻላል ግፊታቸውን ይለካሉ፤ አብረው ይጓዛሉ። ሩዝቬልት ግን "ስንት ሆነ?" ብለው አያውቁም። የሚወስዱት ክኒን ምን እንደሆነም አልጠየቁም። ሐኪሙም እንዲነግሯቸው አልታዘዙም። በዓለም ላይ ብዙ ምስጢር የሚያውቀው ሰው የራሱን ሁለት ቁጥር አያውቅም።

የመጨረሻው ዓመት

ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ መውጣት ብቻ ነው። በ1944 የጸደይ ወራት ግፊቱ ከ200 በላይ የሚሆንባቸው ቀኖች ነበሩ። በሴፕቴምበር የኩቤክ ጉባኤ ጊዜ 240/130 ደረሰ። በኖቬምበር ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። በዚያው ወር መጨረሻ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ዋርም ስፕሪንግስ ላይ ዋኝተው ሲወጡ 260/150 ተለካ።

በፌብሩዋሪ 1945 በያልታው ጉባኤ ከቸርችልና ከስታሊን ጋር ተቀመጡ። ስለ ፖላንድ ከተደረገ አድካሚ ክርክር በኋላ ብሩን የልብ ምታቸው አንዱ ጠንካራ፣ ቀጣዩ ደካማ እየሆነ ሲፈራረቅ አገኙት። ይህ የደከመ ልብ ምልክት ነው። ሕመሙ የያልታን ውሳኔ ለውጧል አልለወጠም የሚለው የታሪክ ሰዎች የቆየ ጭቅጭቅ ነው። እኔ አልገባበትም፤ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን ልቡ ነው።

ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ዋርም ስፕሪንግስ። ጠዋት ትንሽ ራስ ምታትና የአንገት መገተር ነበራቸው። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሠዓሊ ፊታቸው ተቀምጣ ምስላቸውን እየሣለች ሳለ ከባድ ራስ ምታት እንደያዛቸው ተናገሩ፤ ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ። ብሩን ደርሰው ግፊቱን ሲለኩ ከ300/190 በላይ ሆነ። አንደኛው የዓይን ብሌን ሰፍቷል። አንጎል ውስጥ ደም ፈሷል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሞቱ። 63 ዓመታቸው ነበር።

ማክንታየር ለጋዜጠኞች የሰጡት ቃል ነገሩ ዱብ ዕዳ እንደሆነ የሚያስመስል ነበር። ከ1937 ጀምሮ ያለው ሰንጠረዥ ግን ፊታቸው ነበረ። አንጎል ውስጥ ጠልቀው የሚገቡት ደም ሥሮች ፀጉር የሚያካክሉ ቀጫጭን ናቸው፤ ከትልልቅ ደም ሥሮች ላይ በቀጥታ ስለሚገነጠሉ ጫናውን ሳይበርድ ይቀበሉታል። ዓመታት ሲደበደቡ ግድግዳቸው ይሳሳል። የሚፈነዱበትን ቀን መናገር አይቻልም፤ እየሳሱ መሆኑን ግን ቁጥሩ ይናገራል።

የሆስፒታሉ ዋና የሕክምና መዝገብ ከሞታቸው በኋላ ጠፋ። የተረፈው የብሩን የግል ማስታወሻ ነው። ሐኪሙ ለ25 ዓመት ዝም ብለው በ1970 አሳተሙት።

በኋላ የመጡት መድኃኒቶች

ሩዝቬልት በ1944 ሌላ ምርጫ ነበራቸው? ነበራቸው ለማለት ያህል ብቻ። ዋልተር ኬምፕነር የሚባሉ ሐኪም ታካሚዎቻቸውን በሩዝ፣ በፍራፍሬና በስኳር ብቻ ያኖሩ ነበር። በአመጋገቡ ውስጥ ጨው የለም ማለት ይቻላል። ግፊትን በእውነት ያወርዳል፤ ችግሩ የሚችለው ሰው ማግኘት ነው። ሌላው ቀዶ ሕክምና ነበር። ከአከርካሪ አጠገብ የሚሄዱትን ደም ሥር የሚያጠብቡ ነርቮች መቁረጥ ነው። ታካሚው ከዚያ በኋላ ሲቆም ያዞረዋል። ለጦርነት ጊዜ ፕሬዝዳንት ማን ይህን ያዛል?

በ1950 አካባቢ ሄክሳሜቶኒየም መጣ። ያወርዳል፤ ግን ታካሚው ሲነሳ ይወድቃል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ አንጀቱ ይታሰራል። ሃይድራላዚን ተከተለ። ከሕንድ ተክል የተገኘው ሬሰርፒንም መጣ፤ እሱ ደግሞ አንዳንዱን ሰው ድብርት ውስጥ ይከት ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች ሞት ለቀረበው ሰው እንጂ "ደህና ነኝ" ለሚል ሰው አይሆኑም።

በሩን የከፈተው በ1958 ለገበያ የቀረበው ክሎሮታያዛይድ ነው። የሽንት ክኒን። ኩላሊት ሶዲየምን መልሶ እንዳይወስድ ያደርገዋል፤ ጨው ሲወጣ ውሃ ተከትሎ ይወጣል። የሚገርመው ሳምንታት ሲያልፉ የሰውነት ውሃ ወደ ቀድሞው ቢቃረብም ግፊቱ እንደወረደ መቆየቱ ነው፤ ደም ሥሮቹ ራሳቸው ይላላሉ። የዚህ ቤተሰብ ክኒኖች፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ክሎርታሊዶን፣ እስከ ዛሬ ከመጀመሪያ መስመር መድኃኒቶች መካከል ናቸው። ዋጋቸው ርካሽ፣ ሥራቸው የታመነ ነው። ፖታሺየምና ሶዲየም ሊያወርዱ፣ ሪህ ያለበትን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ማታ ሽንት እንዳያመላልስ ጠዋት ቢወሰዱ ይመረጣል።

ቀጥሎ ጄምስ ብላክ መጡ። ልብን የሚያፈጥነውን የአድሬናሊን መልእክት በሩ ላይ የሚያግድ መድኃኒት ፈለጉ። ፕሮፕራኖሎል በ1964 ተገኘ፤ ብላክ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ቤታ ብሎከር የሚባለው ቤተሰብ ይህ ነው። ዛሬ ሌላ ችግር ለሌለበት ተራ ግፊት የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም። የልብ መድከም ወይም የደረት ውጋት ላለበት ሰው ግን ወሳኝ ነው። አስም ያለበት ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር አለበት። በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው፤ የልብ ምት በድንገት ሊፈጥን ይችላል።

አምሎዲፒንና ዘመዶቹ ካልሲየም ወደ ደም ሥር ጡንቻ እንዳይገባ ያግዳሉ። ካልሲየም ከሌለ ጡንቻው አይኮማተርም፤ ቱቦው ይሰፋል። ዋናው ጣጣቸው የቁርጭምጭሚት ማበጥ ነው። ብዙ ሰው እብጠቱን ሲያይ "ኩላሊቴ ሄደ" ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መድኃኒቱ ነው፤ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይቀይራል።

ለሩዝቬልት ዓይነት ልብ የሚስማማው የቀጣዩ ቤተሰብ ታሪክ ከብራዚል እባብ መርዝ ይጀምራል። ጃራራካ የምትባለዋ እባብ የነደፈችው ሰው ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬራ መርዙ ውስጥ ያለውን ነገር ፈልገው አገኙ። ኩሽማንና ኦንዴቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ ተነስተው በክኒን መልክ የሚዋጥ ነገር ሠሩ። ካፕቶፕሪል በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኤናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ተከተሉ። እነዚህ መድኃኒቶች አንጂዮቴንሲን 2 የሚባለው ቅመም ሰውነት ውስጥ እንዳይመረት ያደርጋሉ። ይህ ቅመም ደም ሥርን ያጠብባል፣ ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያዛል፣ የልብን ጡንቻም ያወፍራል። ስለዚህ ሲታገድ ግፊቱ ይወርዳል፤ የደከመው ልብም ይታገዛል። በ1995 ደግሞ ሎሳርታን መጣ። እሱ ቅመሙ እንዲመረት ይተወዋል፤ የሚያርፍበትን ቦታ ግን ይዘጋበታል። ሁለቱን ቤተሰቦች አብሮ መውሰድ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሺየምንም ከፍ ያደርጋል፤ አይደረግም። እርጉዝ ሴት ሁለቱንም መውሰድ የለባትም፤ ጽንሱን ይጎዳሉ። ለእርጉዝ እንደ ሜቲልዶፓ ያሉ ሌሎች አሉ።

የእነ ኤናላፕሪል ጣጣ ደረቅ ሳል ነው። ከሩዝቬልት ጉዳይ ጋር አስቀምጡት፦ ግፊት ያለበት፣ አጫሽ፣ ልቡ የደከመ ሰው ያስላል። ሳሉ ከብሮንካይትስ ነው? ከሳንባ ውሃ ነው? ወይስ ከክኒኑ? በ1944 የተሳሳቱት በሁለቱ መካከል ነበር። ዛሬ ሦስተኛ ተጨምሯል። የክኒኑ ሳል ደረቅ ነው፤ ጉሮሮን ይኮረኩራል። መድኃኒቱ ሲቆም በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል፤ ወደ ሎሳርታን ቤተሰብ በመቀየር ይፈታል። ሲተኙ የሚብሰው፣ ትንፋሽ ማጠር ያለበት ሳል ግን የልብን መንገድ ያመለክታል።

ማስረጃው

መድኃኒት መኖሩ ብቻውን የእነ ሄይን አመለካከት አልቀየረም። የቀየረው ኤድዋርድ ፍሪስ የመሩት የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች ጥናት ነው። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች ተወሰዱ። ግማሽ ያህሉ እውነተኛ መድኃኒት፣ የቀሩት ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ውጤቱ በ1967 ወጣ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 27ቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰ፤ መድኃኒት ከወሰዱት 2 ብቻ። እንዲህ ያለ ልዩነት በሕክምና ጥናት ብዙ አይታይም።

ሁለተኛው ክፍል በ1970 ወጣ። የተጠኑት የታችኛው ግፊታቸው ከ90 እስከ 114 የሆነ 380 ወንዶች ነበሩ፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከ105 ጀምሮ ባሉት ላይ ነው። ሩዝቬልት በ1941 የታችኛው ቁጥራቸው 105፣ በማርች 1944 ደግሞ 108 ነበር። ብሩን ማስታወሻቸውን ያሳተሙትም በዚያው በ1970 ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መድኃኒት ያድነዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱና የሰውየው መዝገብ በአንድ ዓመት ታተሙ።

ዛሬ ቢሆን

አንድ ሐኪም የ1937ቱን ሩዝቬልት ዛሬ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? 162/98። መጀመሪያ በአንድ ልኬት አይፈርድም። ታካሚው አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ ክንዱ በልብ ከፍታ ሆኖ ደግሞ ይለካል፤ ከተቻለ ቤት ውስጥም። ኩላሊቱን፣ ፖታሺየሙን፣ ስኳሩን፣ ሽንቱን፣ ኢሲጂውን (የልቡን የኤሌክትሪክ ምርመራ) ያያል። ሳይነስ ላለበት ሰው ደግሞ ስለ አፍንጫ መድኃኒት ይጠይቃል፤ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ ክኒኖች ግፊት ይጨምራሉ፤ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ሲጋራና ጨው የግድ ይነሳሉ። ከዚያ ምናልባት ሁለት መድኃኒት በትንሽ መጠን ያዝዛል። አንዱን እስከ ጣሪያው ከማድረስ ሁለቱን በትንሹ መስጠት የበለጠ ያወርዳል፣ ጣጣውም ያንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

የ1944ቱ ሩዝቬልት ሌላ ነገር ናቸው። እዚህ የሳንባውን ውሃ የሚያወጣ እንደ ፉሮሴሚድ ያለ ጠንካራ የሽንት መድኃኒት፣ የእነ ኤናላፕሪል ቤተሰብ፣ ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ሌላ የሽንት ክኒን፣ ሰውየው ሲረጋጋ ደግሞ በጣም በትንሹ የሚጀመር ቤታ ብሎከር ያስፈልጋል። ዲጂታሊስ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ዛሬ ኋላ ነው የሚቆመው። ግፊቱም በአንድ ቀን 120 ይሁን አይባልም። ለዓመታት ከፍ ባለ ግፊት የለመደ አንጎል ድንገት ሲወርድበት ደም ያጥረዋል። እዚህ ላይ የእነ ሄይ ፍርሃት ቅንጣት እውነት ነበረው፤ ለፍጥነቱ እንጂ ለማውረዱ አይደለም።

ይድኑ ነበር ወይ? የሚምል የለም። በ1937 የተጀመረ ሕክምና ያንን ልብና ያንን አንጎል ብዙ ዓመት ያቆይላቸው ነበር ብዬ ግን አምናለሁ። በ1944 የተጀመረ ደግሞ ጊዜ ይገዛላቸው ነበር፤ የደረሰውን ጉዳት ሁሉ አይመልስም።

ለዛሬ ሐኪም ከባዱ ነገር የክኒን ምርጫው አይመስለኝም። ከባዱ 162/98 ይዞ ምንም የማይሰማው ሰው ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ እንዲውጥ ማሳመን ነው። "አንዴ ከጀመርኩ መላቀቂያ የለውም" ይላል ሰውየው። ክኒኑ ሱስ አያስይዝም፤ ሲቆም ግፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል እንጂ። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ "አሁን ወርዷል፣ ላቁም?" የሚል ነው። የወረደው በመድኃኒቱ ነው። ክብደት ቀንሶ፣ ጨው ትቶ መጠኑን መቀነስ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ የሚቀንሰው ግን ከሐኪም ጋር፣ እየተለካ ነው። ሐኪሙም የኤናላፕሪል ዓይነት መድኃኒት ካስጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ኩላሊትና ፖታሺየም ያስመረምራል። ግፊቱ ልክ እስኪገባ በየወሩ ያየዋል፤ ከዚያ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ። በየቀጠሮውም ቁጥሩን ለታካሚው ይነግረዋል፤ ታካሚው ባይጠይቅም።